የረፋድ ጥርስ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖረው ጎረቤቴ ማዘንጊያ ጥርሷን ሳያማት ለዓመታት የጥርስ ፈቃድ ስትወስድ የኖረች ሴት ናት። በእውነት ያመማት ጊዜ ግን ፈቃዱን የሚሰጣት ጠፋ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። በአጭሩ ሲነገር ግን ማዘንጊያን ተራ ውሸታም ያደርጋታል፤ እሷ ደግሞ እንደዚያ አይደለችም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምረው።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሚኒባስ ነው የምንሳፈረው። ፀሐይዋ ሳትከርር ቦታ ለመያዝ እንጋፋለን፤ ከያዝን በኋላ ቢሮዎቹ ያሉበት ከዚራ እስክንደርስ ወሬያችን አያልቅም። መሥሪያ ቤቷ በባቡሩ ዘመን ለፈረንጅ ሹም የተሠራ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢውን ዛፍ የሸፈነው ቪላ ነው። እሷ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ባለጉዳይ በኦሮምኛ ቢመጣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ቢመጣ በሶማልኛ ትመልስለታለች። ሁለቱንም ግማሽ ግማሹን ነው የምታውቀው፤ ድሬ ላይ ግማሹ ይበቃል።

ባሏ ገብረወልድ የባቡር ሰው ነበር፤ ትኬት ተቆጣጣሪ። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ሸሚዙን ሳይተኩስ ዳቦ ሊገዛ አይወጣም። ይህ ሰው አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ደጃፍ ወደቀ፤ ሲያነሱት ግራ ጎኑ አይታዘዝም። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነው። ረፋድ ላይ የሚያነሳው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ የሚያጎርሰው፣ ጎኑን የሚያገላብጠው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ካልደረሰ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ከሆስፒታል በተመለሱ ሰሞን ማዘንጊያን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰው እንዲህ ሆኜ አይየኝ። አንቺና ዮርዲ ብቻ።»

ዮርዲ ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። የማታ ፈረቃ በሆነችበት ሳምንት ቀኑን ከአባቷ ጋር ናት። የጠዋት ፈረቃ ስትገባ ግን ረፋዱ የማዘንጊያ ነው። እኛ ጎረቤቶቿ ልናግዝ ስንል «ደኅና ነው፣ ትንሽ እግሩን ነው» ትለን ነበር። ቢሮዋም እንዲሁ። ባሌ እንዲህ ሆኗል ብላ አንድ ቀን ለአለቃ ብትናገር፣ በማግስቱ ግቢው በሙሉ ብርቱካን ይዞ አልጋው ራስጌ ይቆማል። ይህን ታውቃለች። የያዘችው ቃል ደግሞ አለ።

እዚህ ላይ ነው ጥርስ የሚመጣው።

ድሬ ቀትር ላይ ሰው አታሠራም። ቢሮው ሙቀቱ እስኪበርድ ለረጅም ሰዓት ይዘጋል። ከረፋድ ጀምሮ የወጣ ሰው እንግዲህ እስከ ማምሻው ድረስ የራሱ ጌታ ነው። ለመውጣት ግን ምክንያት ያስፈልጋል። ሆዴን ያልክ እንደሆነ ከመሳቢያዋ ክኒን የምታወጣ አትጠፋም። ራሴን ብትል፣ ራሱን የማያመው ማን አለ? ጥርስ ግን ሌላ ነው። አፍህን ክፈትና ልይ የሚል አለቃ የለም። ቀጠሮውም አያልቅም፤ ዛሬ ይታያል፣ በሚቀጥለው ይቦረቦራል፣ ከዚያ ይሞላል፣ የተሞላው ይወልቃል። ስለዚህ የዚያ ቢሮ ሰው ሁሉ ለዓመታት ጥርሱን ታሟል። ጉንጭን በመዳፍ ደገፍ፣ ፊትን ጨምደድ፣ ከዚያ በሩን መውጣት ነው።

ግማሹ የሚሄደው በርጫ ነው። ጫቱ ትኩስ ሳለ፣ ትራሱ ሳይያዝ። ሌላው ልጅ ሊያስመዘግብ፣ ሌላዋ የእህቷ ሠርግ ደርሶባት። የግቢው ሥርዓት አንድ ነው፤ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

«ይሳቅ፣ ዛሬ ጥርስ አለህ?» ትለዋለች ኑርሀን፣ የሒሳብ ክፍሏ።

«አለኝ አቦ፤ የላይኛው ነው።»

«ትናንት የታችኛው አልነበር እንዴ?»

«ተዛመተ!»

ይሳቅ የግቢው ቀልደኛ ነው። ማዘንጊያ ከነሱ ጋር ትስቃለች፤ ተራዋ ሲደርስ እሷም ጉንጯን ደግፋ ትወጣለች። በርጫ የምትሄድ የመሰላቸውም ነበሩ። ይምሰላቸው ብላ ትተዋቸዋለች።

አዲሱ ኃላፊ ዘካሪያ ሲመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ሰው የሚያምን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈቃድ ሲፈርም ሲፈርም ልቡ ተነካ። የነገሩ መራራ ቀልድ እዚህ ነው፤ ሰውየው አመናቸው። የዚህ ሁሉ ሰው ጥርስ እንዲህ አልቆ መንግሥት እንዴት ዝም ይላል ብሎ፣ በግሉ ወገቡን ታጥቆ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። የጥርስ ሕክምና ወንበር ከነመሣሪያው አገኘ። በሳምንት ጥቂት ቀን የሚመጣ ሐኪምም ተፈቀደለት። የቀረው፣ ሠራተኛው ተወያይቶ ይስማማ መባሉ ብቻ ነበር።

ስብሰባው ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ሆነ።

«ወገኖቼ፣» አለ ዘካሪያ ፊቱ እያበራ፣ «እኔ ስመጣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ጥርሳችሁ ነው።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ይሳቅ ሳቁን ሊውጥ ሳል ፈጠረ።

«ከእንግዲህ በዚህ ሐሩር ክሊኒክ ለክሊኒክ አትንከራተቱም። የኋለኛውን መጋዘን አጽድተን ሐኪሙን እዚሁ እናስገባለን። ያመመው ሰው ከጠረጴዛው ተነስቶ፣ ታክሞ፣ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።»

ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል የምትለዋ ቃል ዛፉ ሥር እንደ ድንጋይ ወደቀች።

ኑርሀን ቀድማ ተነሳች። «ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እኔ አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ባለጉዳይ በመስኮት ሊያየኝ ነው?»

«መጋረጃ ይኖረዋል።»

«ድምፅስ? ስጮህ?»

ይሳቅ ተከተለ። «እኔ የለመድኩት ሐኪም አለኝ። እጁን አውቀዋለሁ። ሐኪም መቀየር ማለት እኮ ሚስት እንደ መቀየር ነው።»

«ሚስትህ ትስማህ!» አሉ ከኋላ፤ ተሳቀ።

ከበሩ አካባቢ አንድ እጅ ወጣ። ጥበቃው ጃማዕ ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ ሲያኝክ ዓመት ያለፈው፣ ጉንጩ ውስጥ ሁልጊዜ ቅርንፉድ የማይጠፋ ሰው።

«እኔ ልናገር?»

«ተናገር።»

«እኔ ይምጣ ነው የምል። ይቺ መንጋጋዬ፣ ወላሂ፣ ተሰብራ ስሯ ቀርቷል። ሐኪም ቤት ብሄድ በሩን ማን ይይዛል? ሐኪሙ እዚህ ከሆነ በሩን እያየሁ ይነቅልልኛል።»

«አፍህን ከፍተህ በር ልትጠብቅ?» አለ ይሳቅ።

«በሩን የምጠብቀው በአፌ ነው እንዴ?»

ሳቁ ግቢውን አናጋው። ጃማዕ አብሮ ሳቀ፤ እጁን ግን አላወረደም። ዘካሪያ አየው። ሳቁ ሲበርድ የሰዉ ልብ ወደ ጃማዕ አዘነበለ፤ እውነተኛ ሕመም ሲናገር እንዲህ ነው። ኑርሀን ይህ ገባት መሰለኝ፣ ማዘንጊያን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«እትዬ፣ አንቺ በይ። አንቺን ይሰማሻል።»

ማዘንጊያ የመጪውን ሰኞ ታስብ ነበር። ሰኞ ዮርዲ የጠዋት ፈረቃ ትገባለች። ሐኪሙ እዚህ ግቢ ከገባ ረፋዱን ምን ብላ ትወጣለች? ገብረወልድ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ሲጠብቃት ታያት። ተነሳች።

«ዘካሪያ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። እንዲህ ያሰበልን አለቃ አላየንም። ግን ወንበሩ ከኛ ይልቅ ለሚብስበት ይሂድ። እኛ ሁላችንም የጀመርነው ሐኪም አለን፤ ሕክምናውንም እየጨረስን ነው። ከእንግዲህ ይህን ያህል የሚያስቸግር ጥርስ እዚህ ግቢ የለም።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ኋላ ጠይቄያት ነበር። «አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው» አለችኝ። ሰውየውን ላለማስቀየም፣ ነገሩን ለማሳመር። ስትናገር ጃማዕን እንዳታይ ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ ነበር።

ዘካሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቴ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«እርግጠኛ ነኝ።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ይምጣ ያለው ጃማዕ ብቻ ነው። ወንበሩ በሳምንቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ።

የነዚህ ሰዎች ሞኝነት እንግዲህ በስብሰባው ማግስት ታየ። ረፋድ ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ደግፈው ወደ ዘካሪያ ቢሮ ገቡ። ልማድ ነው፤ እጃቸው በራሱ ጉንጫቸው ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ይሳቅ፤ ከኋላው ሌሎች። ዘካሪያ አያቸው። ትናንት ጥርሳችን ዳነ ብለው በድምፅ የወሰኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥቶ ቆመ።

«ትናንት ጥርስ አልቋል ብላችሁኛል። እኔም አምኜአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በጥርስ ስም የሚወጣ ሰው የለም። ያመመው ካለ ቅዳሜ አለለት።»

የተታለለ ደግ ሰው ሲከፋ ከክፉው ይብሳል። ማዘንጊያን አንቺ፣ እናቴ ይላት የነበረው ከዚያን ቀን ወዲያ «እርስዎ» አላት። ድሬ ላይ አንቱታ ሲመጣ ልብ ርቋል ማለት ነው።

ሰኞ መጣ። ዮርዲ ጨለማው ሳይገፈፍ ወጣች። ማዘንጊያ ቀትር ላይ ቢሮው ሲዘጋ በባጃጅ በረረች። ገብረወልድ ደረቅ ነበር። አንሶላው ደረቅ፣ ከንፈሩም ደረቅ። ለካ ጠዋት የተቀመጠለትን ሻይ አልነካውም፤ ውኃውንም። ሽንቱ እስከ ቀትር እንዳይመጣበት ብሎ መጠጣት ትቷል።

«ለምን አልጠጣህም?»

«አልጠማኝም» አላት፤ በድሬ ሐሩር።

በጠዋት ፈረቃው ሳምንት ሁሉ እንዲህ ሆነ።

የማዘንጊያ ጥርስ የጀመራት ዮርዲ ለሁለተኛ ጊዜ ጠዋት በገባችበት ሳምንት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ በሳቅ ነበር።

«አንቺዬ፣ ጉድ ልንገርሽ? የታችኛው መንጋጋዬ መጣብኝ፤ በእውነት።»

«አትቀልጂ።»

«ወላዲተ አምላክን! ስንት ዓመት ስጠራው ኖሬ አሁን አቤት አለኝ።»

ተሳሳቅን። ቅርንፉድ ሰጠኋት፣ ማስታገሻ ገዛች። በማግስቱ ግን አልሳቀችም። ማታ ከሥራ ስትወጣ አንድ ክሊኒክ ሄዳለች። እዚያ ያገኘችው ሰው ክኒን ሰጥቷት፣ ሥሩ መግል ይዟል፣ የሚነቅለው ሐኪም ግን የሚገባው ረፋድ ላይ ነው፣ ነገውኑ ነይ ብሏታል። የዓመት ፈቃዷን ገብረወልድ በወደቀ ጊዜ ጨርሳዋለች። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ወደ ዘካሪያ ገባች። ፊቷ ገና አላበጠም ነበር።

«ረፋድ ላይ ልውጣ ብዬ ነበር።»

«ምን ሆነው?»

ከዓለም ቃል ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል መናገር አፈረች።

«ጥርሴን።»

ዘካሪያ ብዕሩን አስቀመጠ። ሳይቆጣ፣ ደክሞት እንዲህ አላት፤ «እርስዎ እኮ ነዎት የሚያስቸግር ጥርስ የለም ያሉኝ። ሌላው ቢዋሸኝ አልደነቅም፤ እርስዎን ግን አምኜ ነበር።»

ወጣች። ሁለተኛ አልጠየቀችም።

እንግዲህ የቀራት ነፃ ሰዓት የቀትሩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የገብረወልድ ነው። ቅዳሜን እጠብቃለሁ አለች። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ሚኒባሱ ላይ ስትቀመጥ «ውረጂና ሐኪም ቤት እንሂድ» እላታለሁ፤ በእጇ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ትለኛለች፤ አፏን መክፈት እያቃታት ነበር። ቀትር ላይ ባሏን ስታጎርሰው እሷ ምራቋን መዋጥ አትችልም። ምን ሆነሽ ሲላት «ሙቀቱ ነው» ትለዋለች። አልጠማኝም ያለ ሰውና ሙቀቱ ነው ያለች ሴት፤ እንዲህ ተዋሽተው ያድራሉ።

ቅዳሜ አልደረሰችም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ባለጉዳይ ስም ሲነግራት መልስ አጣ። ወንበሯ ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብላለች፤ ነጠላው ሲገለጥ አንገቷ የለም፣ አገጭና ደረቷ አንድ ሆኗል። መጀመሪያ የደረሰው ጃማዕ ነው። በሩን ባዶ ጥሎ አቀፋትና ባጃጅ ላይ ጫናት።

«ወሪያ፣ ንዳ! ንዳ!» ይል ነበር፤ ባለባጃጁ ነው ኋላ የነገረን።

ሆስፒታል ከአገጯ ሥር ቀደው መግሉን አወጡት። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ትንፋሿን ይዘጋው ነበር አሉ።

ሳቢያን ደግሞ ቀትር ሆነ። ገብረወልድ በሩን ያያል። ማዘንጊያ አልመጣችም። ለዮርዲ እንዳይደውልላት፣ ፓርኩ ውስጥ ስልክ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። ጠበቀ። ከዚያ በራሱ ሊነሳ ሞከረ።

ጩኸቱን የሰማነው እኛ ነን። በሩን ገፍተን ገባን፤ እኔ፣ አከራያቸው፣ የሱቁ ሰውዬ፣ ከመንገድ የገባ ሁሉ። የትኬት ተቆጣጣሪው ገብረወልድ መሬት ላይ ነበር፤ እንዴት እንደነበር አልጽፈውም። የሚሠራ አንድ እጅ ነው ያለው፤ ራሱን ሊሸፍንበት፣ ሊነሳበት፣ ሊያባርረን ይችል ነበር። ፊቱን ሸፈነበት።

«ውጡ» አለ።

አንስተን አጠብነው፤ ሸሚዝ አለበስነው። አንዳችንንም አላየንም።

ዘካሪያ ጃማዕን ይዞ ሆስፒታል ጠየቃት። ጃማዕ ነው በመንገድ ላይ ስለ ገብረወልድ የነገረው፤ ለካ በሩ ላይ ሆኖ ባጃጇ ሁልጊዜ ወዴት እንደምትታጠፍ ያያል፤ ከሳቢያን ባለባጃጆችም ሰምቷል። ዘካሪያ አልጋዋ ጎን ቆሞ አለቀሰ፤ እውነቴን ነው።

«እናቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ስለ ባለቤትሽ ብትነግሪኝ በየቀኑ አስወጣሽ አልነበር?»

አንቺ ብሎ ተመለሰላት። አገጯ በፋሻ ታስሯል፤ መመለስ አትችልም። ብትችልስ ምን ትላለች? እንዳትናገር የለመናትን ሰው አሁን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።

አሁን ሥራዋን ጀምራለች። አፏ ማንኪያ የምታስገባውን ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ንግግሯም ስለታሰረ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሌላ ሰው ተቀምጦ እሷ ወደ ኋላ ክፍል ገብታለች። ቤት ውስጥ ለሁለት አንድ ሾርባ ትሠራለች። ገብረወልድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። ስታጎርሰው ዞር ይልና ይውጣል፣ ይመለሳል። እኛ ጎረቤቶች እንደልባችን እንገባለን፤ የሚከለክል የለም። ሻዩንም ይጠጣል። የሚደብቀው ነገር አልቀረም።

ቢሮው ደግሞ ለጥርስ የሚሰጠውን ፈቃድ መልሷል። ዘካሪያ የሷን ፊት ካየ በኋላ ጥርሴን የሚለውን ሰው አላምንህም ለማለት አቃተው። ይሳቅ ረፋድ ላይ በኋላ ክፍሉ መስኮት አልፎ «እትዬ ማዘንጊያ፣ ዕድሜ ይስጥልን!» ይላታል፤ ጉንጩን ደግፎ። በክፋት አይደለም፤ የምስጋናው ነው። ኑርሀንም ትወጣለች። ወንበሩ በሄደበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ተሰልፎ ይታከምበታል ይባላል። ዘካሪያ ለሁለተኛ ጊዜ አልጠየቀም፤ በምን አፉ ይጠይቃል?

ባለፈው ማዘንጊያን ልወስድ ረፋድ ላይ ግቢው በር ሄድኩ። አሁን ዘካሪያ ራሱ ረፋድ ላይ ያስወጣታል፤ አብረን ወደ ቤት ልንሄድ ነው። የጥርስ ሰዎች እየሳቁ ወጡ፤ በሩን የሚከፍትላቸው ጃማዕ ነው፤ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ጉንጩን ይዟል። እሱን የሚተካ ሰው ዛሬም የለም። ማዘንጊያ ከፊቱ ቆመች፤ ቃሏ በጥርሷ መሃል እየተጣራ ይወጣል።

«ጃማዕ፣ ቀትር ላይ፣ ሲዘጋ፣ እኔ ልውሰድህ። አብረን እንሂድ፤ አስነቅልልሃለሁ።»

ጃማዕ አያት። የሚያመውን ጎን ትቶ በሌላው ፈገግ አለ።

«ቀትርማ የገብረወልድ ነው» አላት። «ሂጂ፣ ይጠብቅሻል።»

በሩን ከኋላችን ዘጋው።